ቡናማው ስላይድ

የምሠራበት ላቦራቶሪ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ ገባሁ። አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል፣ ቀብቼ ያሳደርኩት ስላይድ (ስስ የናሙና ቁራጭ የተለጠፈበት መስታወት) ነበር።

ናሙናው ከአንድ ገበሬ ውስጥ እግር የተወሰደ ሜላኖማ ነው። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ይህ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያ፣ ፀሐይ በማያየው ቦታ ነው። «እሾህ ወግቶኝ ነው» እየተባለ ይከርማል። ሐኪም ጋ ሲደረስ ጊዜው ሄዷል። ሁሌም ያንገበግበኛል።

የምፈልገው ሲዲ271 የሚባለውን ማርከር ነበር። በሴሉ ገጽ ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን የተሸከሙ የሜላኖማ ሴሎች እንደ ግንድ ሴል ዕጢውን እንደ አዲስ ያበቅላሉ ብሎ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ግን ሌላ ቡድን የሰው ሜላኖማ ሴሎችን አንድ በአንድ የበሽታ መከላከያቸው በጣም በተዳከመ አይጦች ላይ ሲተክል፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ዕጢ አብቅሏል። ግንድ ሴል በጣም ጥቂት ነው ይሉ ለነበሩት ዱብ ዕዳ ነው። እኔም ይህን አንብቤ ማርከሩን የያዙ ሴሎች ብዙ እንደማገኝ ጠብቄ ነበር።

አገኘሁ። ማይክሮስኮፑ ስር ሁሉም ቡናማ! በኛ ማቅለሚያ ቡናማ ማለት አንቲቦዲው ማርከሩን ይዟል ማለት ነው። ፎቶ አንስቼ ለዶክተር ልልክ ስል ጋሼ ገቡ። የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ባዶውስ የታለ?»

ባዶ የምንለው ዋናው አንቲቦዲ ሳይነካው የሚቀለመውን ስላይድ ነው። ማቅለሚያው እያለቀ ነበር። አዲስ እስኪገባ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

«ለመቆጠብ ብዬ ተውኩት፣ ጋሼ።»

«በይ እንግዲያው ምንም ያልነካው አንድ ቁረጪልኝ።»

ናሙናው በሰም ከተቀበረበት ከዚያው ብሎክ ቆረጥኩ። ሰሙን አስለቅቄ፣ ምንም ሳልቀባ አስገባሁት። እሱም ቡናማ ነው።

ሜላኒን ነበር፤ የዕጢው የራሱ ቀለም። እንደ ቡና ዱቄት ደቀቅ ብሎ በሴሎቹ ሆድ ተበትኗል። ማርከሩ ቢሆን የሴሉን ጠርዝ እንደ ቀለበት መዞር ነበረበት። ይህን በደንብ አውቃለሁ። የፈለግኩት ሲመጣልኝ ግን ጠርዙን አላየሁም። ያ ፎቶ ተልኮ ቢሆን የሰውየው ናሙና በውሸት ቁጥር ይመዘገብ ነበር።

ፎቶውን አጠፋሁት። ከሜላኒን ጋር በማይምታታ ቀይ ማቅለሚያ፣ ባዶውን ከጎኑ አድርጌ እንደገና ሠራሁ። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ጋሼ ሁለቱን ስላይዶች እየቀያየሩ ዝም ብለው ቆዩ። ባዶው ላይ ቀይ የሚባል የለም። በሌላው ላይ እዚህም እዚያም የተሰባሰቡ ሴሎች ጠርዛቸው ቀልቷል፤ የቀረው ሰፊ ቦታ ምንም አልያዘም።

«አሁን ለዶክተር ደውይ» አሉኝ።