«ዕቃዬ ጎደለ» የሚለው ስልክ ከመደወሉ በፊት

በጅምላ አከፋፋይ ቤት ብዙ የመጋዘን ሠራተኛ ደንበኛ ማስተናገድን የቢሮዎቹ ሥራ አድርጎ ያየዋል። «ዕቃዬ ጎደለ» ብሎ የሚደውለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው መጋዘኑ በር ላይ በተሳተ ቆጠራ ነው። ስልክ የምታነሳው ልጅ የቱንም ያህል ትሁት ብትሆን፣ ቢን ካርዱ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ) ከተሳሳተ የምትመልሰው የላትም።

መኪና ሲራገፍ ጫኝና አውራጆች ይጣደፋሉ። የሚከፈላቸው በጭነቱ እንጂ በሰዓት ስላልሆነ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ እየወረደ ይቆጠር፤ አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ይመዝግብ። አራት ቀጥ ያለ ጭረት፣ አምስተኛው በላያቸው ሰያፍ። «ከተደረደረ በኋላ እቆጥረዋለሁ» ማለት ጣጣ አለው። ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ርብራብ) ላይ በአንድ ንብር 8 ካርቶን፣ ወደ ላይ 5 ንብር ካለ 40 ተብሎ ይጻፋል። ካርቶኖቹ እንዲያያዙ አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም ዙሪያውን ሲደረደሩ ግን መሐሉ ክፍት ይቀራል። አንዱ አውራጅ እዚያ ውስጥ ካርቶን ይሸጉጣል፣ ሌላው ባዶውን ይተወዋል፤ ከጎን ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከላይ ክዳን የሆነውን ንብር አንስቶ ማየት ግድ ነው።

የረጠበ ወይም የተቀደደ ካርቶን ካለ ለብቻው ይቀመጥና ብዛቱ በማስረከቢያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሾፌሩም ይፈርምበት። «በሙሉ ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሞ በማግስቱ መከራከር አይቻልም።

መንግሥት ቤት የዕቃ ገቢው ሞዴል 19፣ ወጪው ሞዴል 22 በሚባል ደረሰኝ ነው። የግል ድርጅት የራሱን ወረቀት ያሳትማል እንጂ ሕጉ ያው ነው፦ ወረቀት ሳይቆረጥ ዕቃ አይንቀሳቀስም። ቢን ካርዱ ደግሞ ዕቃው ያለበት መደርደሪያ ላይ ይንጠልጠል፤ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቢን ካርድ የሚሞላው ማታ፣ በግምት ነው። ለምሳሌ 140 ነበር፣ 60 ገባ፣ 35 ወጣ፣ ቀሪ 165። ሲቆጠር 155 ከሆነ ሌባ ከመፈለግ በፊት ከሻይ ሰዓት ወዲህ የወጡትን ወረቀቶች ማገላበጥ ይሻላል፤ «መጥቼ እጽፈዋለሁ» ተብሎ የቀረ 10 ካርቶን እዚያ ይገኛል።

ሌላው የጭቅጭቅ ምንጭ መለኪያው ነው። ባለሱቁ «20 ሳሙና» ሲል ካርቶን ነው፣ ፓኬት ነው ወይስ ፍሬ? ትእዛዝ ተቀባዩ ይህን ጠይቆ ካልጻፈ መጋዘን ያለው ሰው እንደመሰለው ያወጣል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ደንበኛው «በ8 ሰዓት አድርሱልኝ» ሲል ከምሳ በኋላ ማለቱ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ 8:00 ተብሎ ከገባ መኪናው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ይቆማል።

አቀማመጡን በአጭሩ፦ ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ፣ ቁመቱ ከ2.5 ሜትር ያልበለጠ። ሲሚንቶ ከ10 ከረጢት በላይ ሲነባበር የታችኛው ይጠጥራል። የሚያልፍበት ቀን ያለው ዕቃ፣ ኋላ የገባም ቢሆን፣ ቀኑ የቀረበው ቀድሞ ይውጣ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ይሁን በእኛ አቆጣጠር ሳይለዩ መደርደሪያ ላይ መለጠፍ አደጋ አለው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስልኩ ይደወላል። ያኔ «ሲስተሙ ላይ ሙሉ ነው» የሚል መልስ ሰውን ከማናደድ በቀር የሚፈይደው የለም። የማስረከቢያውን ቁጥር፣ የጎደለውን ዓይነትና ብዛት፣ ማን እንደፈረመ፣ የቆጠሩት ሾፌሩ እያለ ነው ወይስ ከሄደ በኋላ የሚለውን ጠይቆ መጻፍ፣ መልስ የሚሰጥበትንም ሰዓት መንገር። ከዚያ መጋዘን ወርዶ የዚያን ዕቃ ቀሪ በእጅ መቁጠር። ቀሪው ከካርዱ በትክክል ደንበኛው ባለው ልክ ከበለጠ ዕቃው ሳይጫን ቀርቷል፤ በሚቀጥለው መኪና ይላክለት። እኩል ከሆነ ጥያቄው ወደ ሾፌሩና ወደ መንገዱ ይዞራል፤ በዚያው መኪና የተጫነላቸው ሌሎች ደንበኞች ትርፍ ደርሷቸው እንደሆነ መደወል ይቀድማል።