ከቀፎ እስከ ብርሌ፦ በጎጃም የጠጅን መንገድ እንዴት እንደተከተልሁ

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ለሥራ ወደ ዝዋይ በወረድሁ ጊዜ የወይን እርሻ የመጎብኘት ዕድል ገጠመኝ። አስጎብኚው ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የወይን ዓይነቶች መጀመሪያ ከነሐረጋቸው አሳየን፤ ቀጥሎ ፍሬው ወደሚጨመቅበት፣ ከዚያም ወይኑ ወደሚያርፍባቸው በርሜሎች መራን። ብርጭቆ ያስያዘን ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ነበር። ወይኑ ጥሩ ነበር፤ እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጎጃም ተወልጄ አድጌ፣ በየሠርጉና በየዓመት በዓሉ ጠጅ እየጠጣሁ ኖሬ፣ ማሩን ንቧ ከየትኛው አበባ እንደቀሰመችው፣ ገሾውም ከየትኛው ጓሮ እንደተቆረጠ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደብረ ማርቆስ ስገባ የእኛንም መጠጥ በዚያው ሥርዓት፣ ከምንጩ ጀምሬ፣ ለማወቅ ቆርጬ ነበር።

ይህን ለማድረግ የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት ወቅቱን ማወቅ አለበት። በእኛ አገር ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባና ኑግ አብበው ካለፉ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ ባህር ዛፍ የበዛበት አካባቢ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁለተኛ ቆረጣ ያገኛል። እኔ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ በጮቄ ተራራ ግርጌ ወደሚኖሩ፣ ንብ በማነብ ወደሚታወቁ የጎረቤቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄድሁ። ጠዋት ደርሼ ቀፎውን እንዲከፍቱልኝ ብጠይቃቸው፣ «ንብ በጠራራ ፀሐይ አይነካም፤ ሲመሽ እንገባለን። አንተ ግን ሽቶ ተቀብተሃልና ሄደህ ታጠብ» አሉኝ። ንብ ሽታ እንደምትጠላ ቀድሜ አጣርቼ ቢሆን ኖሮ ከእንግድነቴ የመጀመሪያ ሰዓት ውስጥ ግማሹን ወንዝ ዳር ባላሳለፍሁ።

ከመሸ በኋላ የኩበት ጭስ ይዘው ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበት ከተመረገው ቀፎ አጠገብ ተንበረከኩ። ጭሱን በአፉ በኩል እፍ እያሉ ንቦቹን ወደ ኋላ ካሸሹ በኋላ፣ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው አንድ የማር እንጀራ ቆርሰው አወጡና በጨለማው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ማሩ ሞቅ ያለ ነበር። በገበያ ከገዛሁት ማር ሁሉ ይህን የንቦቹን ሙቀት አግኝቼው አላውቅም፤ ስቀምሰው መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ቆየት ብሎም ጉሮሮ የሚከረክር ነገር መጣ። እርሳቸው ግን በፋኖስ ብርሃን ቀለሙን አይተው ኑግ እንደሚበዛበት፣ የኑግ ማርም ቶሎ እንደሚረጋ ነገሩኝ። ለጠጅ የሚሆነው ከነሰፈፉ ያለው ያልተጣራ ማር እንደሆነም መከሩኝና 10 ኪሎ ገዝቼ ተመለስሁ።

ሁለተኛው ጉዞዬ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ጠጅ በመጣል ወደምትታወቀው አክስቴ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ደረስሁ፤ ሥራውንም ከጋኑ ጀመረች። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ደጋግማ ካጠበች በኋላ በሚጨስ የወይራ እንጨት ላይ ደፋችው፤ እያነሣችም አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠግታ ታሸታለች። «ጋኑ ካልታጠነ ማሩ ምን ቢያምር ጠጅ አይሆንም፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ በጥብጣ፣ ሰፈፉን በእጇ እያሸች አላቀቀችና ጋኑን በንጹሕ ጨርቅ አስራ ሙቀት ባለበት ጥግ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ከላይ የተንሳፈፈውን ሰፈፍ ገፍፋ አወጣች። ከትፋ ያደረቀችውን የገሾ እንጨት ከብርዙ ጥቂት ቀድታ ቀቀለችበት፤ ሲበርድ ወደ ጋኑ መለሰችው። ከእርሷ የተማርሁት ዋናው ነገር መጠየቅ ነው። ጠጅ ለሚጥል ሰው «ጠጁ ጥሩ ነው?» ማለት ምንም አያስገኝም፤ አንዱ እጅ ማር በስንት እጅ ውሃ እንደተበጠበጠ፣ ገሾው መቼ እንደገባ፣ ስንት ቀን እንደሰነበተ የጠየቀ ሰው ግን የሚጠጣውን አውቆ ይጠጣል። ባለሙያዎቹም እንዲህ ሲጠየቁ ፊታቸው ይበራል። በስኳርና በቀለም የተሠራውን ጠጅ የሚሸጡት ግን መልሱን ያድበሰብሱታል፤ ይህ ማጭበርበር የአገራችንን ትልቅ ሙያ የሚያረክስ ነውና እኔ እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ አልገባም።

ቤቴ ተመልሼ ባመጣሁት ማር፣ እንዳሳየችኝ አድርጌ፣ አንድ እንስራ የራሴን ጣልሁ። ቀጥሎ የደረሰብኝን ሌላው እንዲጠነቀቅበት በዝርዝር እነግራለሁ። ከገና ሁለት ቀን ቀደም ብዬ የአክስቴን ጠጅ ላመጣ ተመልሼ ሄድሁና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ሚኒባስ ላይ ጫንሁት። ጠጁ ገና መፍላቱን አልጨረሰም ነበር፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ አብሮ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ መውጫ ያጣው ጋዝ ጀሪካኑን እንደ ከበሮ ነፋው። ደምበጫን እንዳለፍን ክዳኑ ተወርውሮ የመኪናውን ጣሪያ መታ፤ ጠጁም አንዲት እናት በያዙት የጤፍ ከረጢት ላይ ፈሰሰ። የጤፉን ዋጋ ከፈልሁ፤ ይቅርታም ጠየቅሁ፤ ከጠጁ ግን የተረፈኝ ግማሽ አይሞላም። በሌላ ቀን ስመለስ ሦስት አራተኛውን ብቻ ሞልቼ፣ ክዳኑን አላልቼ፣ በእግሬ መሐል አቁሜ በሰላም አደረስሁት።

በገና ዕለት ለቤተ ሰቤ ሦስት ዓይነት ጠጅ አቀረብሁ፦ የአክስቴን ደረቅ፣ ከደብረ ማርቆስ ጠጅ ቤት የገዛሁትን መካከለኛና እኔ ራሴ የጣልሁትን፣ ብዙ ያልሰነበተ ለስላሳ። የተሳሳትሁት ለስላሳውን አስቀድሜ በመቅዳቴ ነው። ምላሳችን በጣፋጩ ከተያዘ በኋላ የመጣው የአክስቴ ደረቅ ጠጅ፣ ማሩ በመሰንበት ብዛት ወደ አልኮል ስለተለወጠ፣ ለሁላችንም መራራና ጎምዛዛ መሰለን። ያን ያህል የደከመችበት ጠጅ በእኔ አቀራረብ ተበላሸ።

ዋናውን ግብዣ ለጥር 12፣ ለቃና ዘገሊላ አደረግሁት፤ ጌታችን ውሃውን ወደ ወይን የለወጠበት ተአምር የሚታሰብበት ቀን ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ቀን አልታየኝም። የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ እንግዶቼ መጡ። የጠራሁት 12 ሰው ሲሆን የመጣው 19 ነበር፤ በእኛ አገር የጠራኸው ሰው ወንድሙን ይዞ ቢመጣ ደስ ሊልህ ይገባልና አስቀድሜ አትርፌ አሠርቼ ነበር። በዚህ ጊዜ ደረቁን አስቀድሜ ከጮማ ሥጋ ጋር አቀረብሁ፤ የጠጁ ምሬት የስቡን ልስላሴ ከአፍ ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል። መካከለኛው ከጎመን በሥጋ ጋር ተከተለ። ዶሮ ወጡን በማኛ ጤፍ እንጀራ ሳቀርብ ለስላሳውን ቀዳሁ፤ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፣ የማሩ ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል። በየመሐሉ ውሃና ደረቅ እንጀራ እንዲዞር አደረግሁ።

ብርሌ ለዓይን የሚያምር ዕቃ ነው፤ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ ግን የጠጁ ሽታ ለአፍንጫ አይደርስም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጠጅ መጀመሪያ በትንሽ ብርጭቆ ጥቂት እየቀዳሁ፣ የወይራውን ጢስ ሁሉም ካሸተተ በኋላ በብርሌ አሳልፌአለሁ። መኪና ለሚነዱትና አልኮል ለማይጠጡት ከዚያው ከጮቄ ማር ብርዝ በጥብጬ ነበር፤ ብርዙ እንደ ጠጁ ሁሉ ተመሰገነ።

አክስቴን ከፍኖተ ሰላም፣ መካከለኛውን የጣሉትን ባለ ጠጅ ቤት ደግሞ ከሰፈራቸው ጠርቼ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው ነበር። ተገናኝተው አያውቁም። ባለ ጠጅ ቤቷ ደረቁን ቀምሰው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እትዬ፣ ገሾው የጓሮ ነው?» ብለው ጠየቁ። «የጓሮዬ ነው፤ ቅጠሉን ለጠላ አስቀርቼ ለጠጅ እንጨቱን ብቻ ነው የምጨምር» አለች አክስቴ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ጋንና ስለ ጢስ፣ ስለ ማርና ስለ ውሃ ልክ ሲጨዋወቱ ቆይተው፣ በሰኔ የባህር ዛፉ ማር ሲቆረጥ አንድ ጋን አብረው ሊጥሉ ተቀጣጥረው ወጡ።