ሐይቅ ውስጥ የገባው ግቢ

ሴትዮዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«ሐይቁ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ግቢዬ ምን ሊሠራ ገባበት?»

እውነትም ገብቷል። ከአሞራ ገደል ብዙ የማይርቀው ግቢያቸው ከነጎረቤቶቻቸው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ተንሳፍፏል። አጠገቤ የነበረው ቀያሽ አንገቱን አስግጎ አየና «በቃ፣ ለጉማሬዎቹ ካርታ ልታወጣላቸው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም።

ጥፋቱ የቢሮው አልነበረም፤ የኔ ነው። ወረቀቱ የወጣው ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከምሠራው የካርታ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነበር። በምሠራባት ትንሽ የቅየሳ ቢሮ ኦቶካድ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ስለሆነ ወረፋ እንጠብቃለን። እኔ ደግሞ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እሞካክር ነበርና፣ የወሰን ነጥቦችን ከኤክሴል አንብቦ የሚሥል፣ በማውስ እየሳብኩ የማስተካክልበት፣ ስፋቱን ወዲያው የሚነግረኝ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ትንሽ ነገር ምን ያቅታል ብዬ ጀመርኩት። ለመዝናኛ ነበር። ስምንት ወር በላኝ።

የመጀመሪያው ማታ ካርታው ተገልብጦ ወጣ፤ ታቦር ተራራ ወደ ሻሸመኔ በኩል ዞሮ ተገኘ። የኮምፒውተር ስክሪን ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል፣ የካርታ ቁጥር ግን ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ይጨምራል። አንዲት የመቀነስ ምልክት ጨምሬ ተገላገልኩ። ሌላው ችግር ግን ሳምንት ፈጀብኝ፤ ካርታውን በጣም ሳጎላው የአጥር ማዕዘኖች ብድግ ቁጭ ይላሉ። ሐዋሳ ላይ ኖርዚንጉ፣ ማለትም ወደ ሰሜን የሚቆጠረው ቁጥር፣ 779,000 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን የሚያህል የአስርዮሽ ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ በ32 ቢት ቦታ ሲቀመጥ ቀጥሎ ካለው ቁጥር ጋር ያለው ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በመሃል ያለውን አያውቅም። በአጥር ጠብ ደግሞ 6 ሴንቲ ቀላል አይደለም። ወደ 64 ቢት ቀየርኩትና ማዕዘኖቹ አደብ ገዙ።

ከዚያ የኮራሁበት ነገር መጣ፦ ከሥር የሳተላይት ምስል ማንጠፍ። የሴትዮዋን ባለቀለም አድርጌ ላሳምርላቸው ብዬ አተምኩት፤ ዓይኔ ግን የፊደሉ ማማር ላይ ነበር። ግቢው ሐይቅ የገባው ያን ቀን አይደለም፤ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ሁሉም ይዞታዎች አንድ ላይ ስለተንሸራተቱ ጎኑ ልክ፣ ማዕዘኑ ልክ፣ ስፋቱም ልክ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ማን ይጠረጥራል?

መጀመሪያ ያማሁት ምስሉን ነው። የሳተላይት ምስል ጥቂት ሜትር ቢዛነፍ አይገርምም፤ የኔው ግን ስለካው ወደ ደቡብ 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 90 ሜትር ገደማ ሄዷል። የትም ቦታ ብለካ ያው ነው። እኩል ከሆነማ በመደመር ይስተካከላል ብዬ፣ የሚከፈት ፋይል ሁሉ ላይ ያንኑ ያህል እንዲጨምር አዘዝኩት። ግቢው ከሐይቁ ወጣ። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ ያ የሳቀብኝ ቀያሽ በእጅ ጂፒኤስ የሰበሰባቸውን ነጥቦች ከፈተ። አንድ የንግድ ቤት ከአስፋልት ዳር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዶ የሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ተቀመጠ።

በቢሮው አንጋፋ የሆኑት ጋሼ የሻይ ብርጭቆአቸውን ይዘው መጡና አዩት።

«ዳተሙ ምንድን ነው?»

«ዩቲኤም ዞን 37 ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። እኔ ሦስት ሰዓት ስልህና ፈረንጅ ሦስት ሰዓት ሲልህ አንድ ነው?»

ዝም አልኩ። ዞኑ የትኛው የምድር ክፍል እንደሆነ ይናገራል፤ ዳተም ግን ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር ነው። የቀድሞዎቹ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎችና ብዙዎቹ የድሮ መነሻ ነጥቦች የተሰሉት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው፤ የምድርን ቅርጽ የሚወስደው ክላርክ 1880 ከተባለው የድሮ ልኬት ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዳተም ይጠቀማል። ሁለቱም በዞን 37 ሲጻፉ ቁጥራቸው መንታ ይመስላል፤ የሴትዮዋ ግቢ የተቀየሰው ከድሮ ነጥብ ተነሥቶ፣ ምስሉ ደግሞ በአዲሱ። የኔ ፕሮግራም ቁጥሩን እንጂ ከየት እንደተቆጠረ የሚይዝበት አንዲት ሳጥን እንኳ አልነበረውም። (አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ የነበረች የኑብያ መንደር ናት፤ በአስዋን ግድብ ምክንያት ራሷም ውኃ ሥር ናት። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።)

ያን የጭፍን መደመር አጠፋሁት። ከአንዱ ዳተም ወደ ሌላው ለመለወጥ ፕሮጅ የተባለውን ነፃ የስሌት ፕሮግራም አስገባሁ፤ ለአዲንዳን 20137፣ ለደብሊውጂኤስ 32637 የሚሉትን መለያዎች እየሰጠሁት እሱ ያሰላል። ፋይል ሲከፈት ደግሞ ዳተሙን ሳይጠይቅ አያልፍም። «አላውቅም» የሚል ምርጫም አለ፤ እሱን የጫነ ማየት ይችላል፣ ማተም ግን አይችልም። የቢሮው ልጆች «ኬላ ጠባቂው» ብለው ስም አወጡለት። ጠዋት ጠዋት ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እንዳልሰማ አልፋለሁ።

ሴትዮዋ የተስተካከለውን ሊወስዱ ሲመጡ ግቢያቸውን አልፈለጉም። መጀመሪያ ሰማያዊው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ከዚያ እስከ አጥራቸው ድረስ በጣታቸው ለኩ።

«አሁን ደህና» አሉ። ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ ግን ቀጠሉ፦ «ይሄ ሐይቅ እኮ መውጫ ወንዝ የለውም። ሲሞላ እንደዚህ አይርቅም።»