ፒያሳ ላይ አፈሳ ለመቅረጽ ላሰባችሁ

አጭር ፊልም ሠራሁ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በ1983 ሚያዝያና ግንቦት ፒያሳ ውስጥ ስለሚዋደዱ ሁለት ታዳጊዎች ያወራል። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ እሷ ትንሽ ትበልጠዋለች። እኔም ያኔ እዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዕድሜ ነበርኩ። «ታሪኩ ያንተ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «ግማሹ» እላለሁ። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ባለቤቴም አታውቅም።

እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ወታደር ልብስ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። እናንተ እንኳን ትረፉ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። የዘመኑ ልብስ መርካቶ ሰልባጅ ውስጥ ይገኛል። ሸራ ጫማ አሁንም ይሸጣል። ቮልስ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ነዳጁን ከቻላችሁት ራሱ እየነዳ ይመጣል። ውይይት ታክሲን ግን እርሱት። ቴፕ ከዘመድ ተዋሱ። ለታዳጊ ተዋንያን የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የፍቅር ደብዳቤውን ልጆቹ ራሳቸው በእጃቸው ይጻፉት። የኛው ልጅ «ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቁ አልቆም አለ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሳቅ የእውነት ነው።

ፒያሳ ራሷ ሌላ ጣጣ ናት። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ካሜራውን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ይገባባችኋል። ስለዚህ ጠበብ አድርጋችሁ ያዙ። በር፣ ደረጃ፣ የቆርቆሮ አጥር ይበቃል። ጣይቱ ሆቴል አካባቢ አሁንም የሚያገለግሉ ጥጋጥጎች አሉ።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። የዚያን ጊዜ ፍቅር ያለ አፈሳ፣ ወጣቱን ከመንገድ እየያዙ ለውትድርና ከመውሰድ ውጪ፣ አይነገርም። ደርግ ብሔራዊ ውትድርናን ያወጀው በ1975 ነው። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ይላል። አፋሽ ግን ቁመት እንጂ የልደት ቀን አያይም። ረዘም ያልን ልጆች ጎበጥ ብለን መሄድ ለምደን ነበር። ሴቶቹ ወሬ ያመጡልናል። «ዛሬ በጊዮርጊስ በኩል እንዳትመጣ» የምትል ልጅ ካለችህ ሌላ የፍቅር ቃል አያስፈልግህም። በ1983 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ብላቴ ጦር ማሠልጠኛ ወርደዋል። በፊልሙ የልጅቷ ወንድም አንዱ ነው። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ከብላቴ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተሻገሩ። የልጅቷ ወንድም ይመለስ አይመለስ ፊልሙ አይናገርም። አስጨርሱኝ ብለው የለመኑኝ አሉ፤ እምቢ አልኩ።

የፊልሙ ልብ አንድ ትዕይንት ነው። ልጁ ዳቦ ሰልፍ ላይ ነው። ወታደሮች መንገዱን በሁለት በኩል ይዘጋሉ። እሷ እጁን ለቀም አድርጋ እናቷ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ትወረውረዋለች። እጅ ለእጅ ሲነካኩ የመጀመሪያቸው ነው። ለዚህ ስድስት ወታደር፣ ስድስት ክላሽና አንድ መንገድ ያስፈልገኝ ነበር። ክላሾቹን አንድ አናጢ ከእንጨት ጠረበልኝ። ጥቁር ቀለም ሲቀባቸው እኔም ደነገጥኩ።

ፈቃድ ሰጪው ቢሮ «ስክሪፕቱን ሙሉ አስገባ» አለኝ። አስገባሁ። ቆይቶ ደብዳቤዬ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰ፤ «የትኛው ጦርነት እንደሆነ ይብራራ»። ከርዕሱ ሥር 1983 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ላብራራ ስገባ ባለሙያው ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። «ጋሼ፣ ፍቅሩ ብቻ አይበቃም? ጦርነቱ ለምን አስፈለገ?» አለኝ። ጦርነቱን እኔ የጠራሁት ይመስል! ሳይጠራ ነው የመጣብን አልኩት። ፈገግ አለና ወደ ሌላ ክፍል መራኝ።

ያኛው ክፍል «የደንብ ልብስ የኛ አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ጻፈልኝ። ያ መሥሪያ ቤት «መጀመሪያ የፊልም ፈቃዱን አምጣ» አለ። የፊልም ፈቃዱ ደግሞ የልብሱን ደብዳቤ ይጠብቃል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ኃላፊው መስክ ወጥቷል። ማህተም የምትይዘው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት። ወንበሩ ላይ ኮት ተንጠልጥሏል፤ ባለ ኮቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ይህን ስጽፍ እንኳን ደሜ ይፈላል። ሕጉን አልቃወምም። የወታደር ልብስ ያለ ፈቃድ አይለበስም፤ ተገቢ ነው። የሚያናድደው አንድም ሰው «አይቻልም» አለማለቱ ነው። ቢሉኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጫማ አልጨርስም ነበር።

በመጨረሻ ወረቀቱ ወጣ። እሑድ ማለዳ ቀረጻ ጀመርን። ወታደሮቹ ከጥጉ ብቅ አሉ፤ ፊሽካ ተነፋ፤ ሰልፉ ተበተነ። ልጃችን መሮጥ ጀመረ። በዕቅዱ ወደ ስፌት ቤቱ ነው። መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ቀደሙን። ክንዱን ይዘው ከኋላቸው ከከተቱት በኋላ ነጠላቸውን ዘረጉበት። «ልጄ ነው! አሥራ አራቱ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። ማለዳ ስንዞር ለአካባቢው ሰው ሁሉ ተናግረን ነበር፤ እሳቸው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ተዋናዮቼ እንጨታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ሮጬ ሄጄ «እማማ፣ ፊልም ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ያኔም እንዲህ ይሉን ነበር፤ ለስብሰባ ነው ይሉን ነበር» አሉ።

ካሜራው ሁሉንም ይዞታል። በዕድሜዬ ያየሁት ምርጥ ትወና ነው ልበል ብዬ ነበር፤ ትወና አይደለም። እንጠቀምበት ዘንድ ፈቃዳቸውን ጠየቅን። «አይሆንም» አሉ። አጠፋነው። የካሜራ ባለሙያዬ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። ትክክል እኔ ነኝ።

በጩኸቱ ፖሊስ መጣ። ወረቀቴን ኮራ ብዬ ዘረጋሁ። አነበበው። «አልባሳት ይላል። መሣሪያ የት አለ?» አለኝ። እንጨት ነው አልኩት፤ በጣቴ አንኳኳሁለት። «መሣሪያ መሰል ነው» አለኝ። ስድስቱ ወታደሮቼ ከነዩኒፎርማቸው ጣቢያ ተወሰዱ። መታወቂያቸው ቆጥረን ያስቀመጥነው የሲቪል ልብሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። አንዱ ለእጮኛው ደውሎ «ወታደር ሆኜ ታስሬያለሁ» ብሏት ነበር። ማታ ላይ በዋስ ወጡ።

ትዕይንቱን ደግመን የሠራነው ግቢ ውስጥ ነው። ዩኒፎርም የለም፤ ክላሽ የለም። የቡትስ ድምፅ፣ ፊሽካ፣ የሚበተን ዳቦና በቆርቆሮ አጥር ላይ የሚያልፍ ጥላ ብቻ። ከዚያ ሁለት እጆች። የድሮ ሰዎች ሲያዩት ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እንዲያውም ይሻላል። ይህን ስላችሁ ግን ቢሮዎቹ ልክ ነበሩ ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

ምክሬ ይኸው። ሙሉ ስክሪፕት አስገቡ ይሏችኋል፤ እኔ የምላችሁ ግን ሁለት ገጽ ታሪክ ይዛችሁ ግቡ፤ ሙሉውን ሲጠይቋችሁ ስጡ። ሙሉ ስክሪፕት ለባለሥልጣን መስጠት ለአርትዖት መስጠት ነው። ደብዳቤው ላይ ልብስ፣ ቀበቶ፣ ቆብ፣ እንጨት፣ ፊሽካ ሳይቀር አንድ በአንድ ይዘርዘር። ሰፈሩን ማለዳ ብቻ ሳይሆን ቀረጻው እስኪያልቅ ድረስ እየዞረ የሚነግር ሰው መድቡ። የአፈሳ ትዕይንት ከሆነ ደግሞ፣ ፈቃድ ቢኖራችሁም፣ መንገድ ላይ አትውጡ። ይህች ከተማ አልረሳችም።

እንጨቶቹ እስካሁን ጣቢያ ናቸው። ሳስረክብ ሞዴል 19፣ የንብረት መረከቢያ ደረሰኙ፣ ይቆረጥልኝ ብዬ ነበር። ሳቁብኝ። እናንተ ሳትቀበሉ ከጣቢያ እንዳትወጡ፤ አሁን አናጢው ለሌላ ፊልም ሊያከራያቸው ፈልጎ በየሳምንቱ ይደውልልኛል።