ሁለተኛ ጉብኝት ደጅ ጥናት ነውን?

ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ በውስጥ ደዌ ሕክምና ስፔሻላይዝ ለማድረግ ከአምስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጋር በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርጌአለሁ። የእነርሱ ጠዋት ለእኛ አመሻሽ ስለሆነ፣ በአንደኛው ቀን መብራት ጠፍቶ የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት በስልኬ ኢንተርኔትና በሻማ ጨርሻለሁ። ከአምስቱ ሁለቱ ልቤን ከፈሉት፤ አንደኛው በምሥራቁ ዳርቻ በትልቅ ከተማ የሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲሆን፣ ሌላው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በትንሽ ከተማ ያለ የማኅበረሰብ ሆስፒታል ነበር።

በጥር መጀመሪያ ትልቁ ሆስፒታል በአካል መጥተን እንድንጎበኘው የሚጋብዝ ኢሜይል ላከ፤ ይህን «ሰከንድ ሉክ» ይሉታል። ሜሪላንድ የሚኖሩት አጎቴ ወሬውን ሲሰሙ «ትኬቱን እኔ እችላለሁ፤ ዋናው ሄደህ መታየትህ ነው» አሉኝ። እኔም ያሰብሁት እንደ እርሳቸው ነበር፤ ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ለቢሮ መመላለስን ለለመደ ሰው ሁለተኛ ጉብኝት ከደጅ ጥናት የተለየ ሆኖ አይታየውም። የጉብኝት ቪዛ ቀጠሮ በዚያ አጭር ጊዜ እንደማይደርስልኝ ሳውቅም፣ መቅረቴን ለማካካስ ብዬ ለትልቁ ሆስፒታል «የመጀመሪያ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ» የሚል ደብዳቤ በዚያው ቀን ላክሁ። በዚህ ደብዳቤ ላይ እመለስበታለሁ።

ግብዣውን ደግሜ በጥንቃቄ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። መምጣት በፈቃድ መሆኑን፣ ሆስፒታሉም የአመልካቾችን ደረጃ ዝርዝር ከጉብኝቱ ቀን በፊት አስገብቶ እንደሚዘጋ በግልጽ ይናገር ነበር። ሆስፒታሎችና አመልካቾች አንዳቸው ሌላውን በምርጫ ቅደም ተከተል ዘርዝረው የሚያስገቡበትን ምደባ ከእ.ኤ.አ. 1952 ጀምሮ የሚያካሂደው የአሜሪካ ብሔራዊ ተቋም ደንብም ፕሮግራሞች ሁለተኛ ጉብኝትን ግዴታ እንዳያደርጉ፣ ለደረጃ አሰጣጥ እንደሚጠቀሙበትም እንዳያስመስሉ ይከለክላል። ከእ.ኤ.አ. 1998 ወዲህ ሁለቱን ዝርዝሮች የሚያዛምደው ቀመር ደግሞ የሚነሳው ከአመልካቹ ምርጫ ስለሆነ፣ ከልብ የወደዱትን ማስቀደም ዕድልን አይቀንስም። እንግዲህ ጉብኝቱ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ በየካቲት መጨረሻ የማስገባውን ዝርዝር ቅደም ተከተል ለመወሰን። ስለ ሌሎቹ ሦስት ሆስፒታሎች ጥርጥር ስላልነበረኝ ዳግመኛ አልጠየቅኋቸውም።

በአካል መሄድ ስላልቻልሁ ለሁለቱ ሆስፒታሎች አስተባባሪዎች ጽፌ፣ አስተማሪዎች በሌሉበት ከሁለት ሁለት ሬዚደንቶች፣ ማለትም እዚያው ስፔሻላይዝ እያደረጉ ካሉ ሐኪሞች ጋር እንዲያገናኙኝ ለመንሁ። በቃለ መጠይቁ ጊዜ እንዳልከብድባቸው ብዬ የጠየቅሁት ስለ ምርምር ዕድልና ስለ ከተማው ነበር፤ አሁን ግን ተረኛው ሲታመም ማን እንደሚተካ፣ በሳምንት በአማካይ 80 ሰዓት የሚለው ጣሪያ በተግባር እንዴት እንደሚከበርና ጄ-1 በሚባለው የሥልጠና ቪዛ የገቡት ሲጨርሱ የት እንደሄዱ ጠየቅሁ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ በዚህ ቪዛ ለመሠልጠን ከጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ሥልጠናው ሲያልቅም ወይ ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ አለያም ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ሠርቶ ግዴታውን ማስነሣት የግድ ነው። የትንሹ ሆስፒታል ሬዚደንት እገሌ እዚህ፣ እገሌ እዚያ ብላ ቆጠረችልኝ። የትልቁ ደግሞ ስለ ተተኪው ስጠይቀው ዝም አለና «እንደ ወሩ ይለያያል» አለኝ፤ ያ ዝምታ ከቃለ መጠይቁ ሁሉ የበለጠ አስረዳኝ።

አጎቴም አልተኙም። አንድ ቅዳሜ መኪናቸውን አስነሥተው ሁለቱንም አካባቢዎች አዩልኝ። ከዘገባቸው ግማሹ እንጀራ የት እንደሚሸጥ ነበር፤ ነገር ግን በትልቁ ከተማ በእኔ ደመወዝ የምከራየው ቤት ከሆስፒታሉ ምን ያህል እንደሚርቅ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። መኪና ሳይኖረኝ ከአዳር ተረኝነት በኋላ ያን መንገድ ማሰብ ምን እንደሆነ፣ ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ በታክሲ ስመላለስ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ትንሹን ሆስፒታል አስቀደምሁ፤ በመጋቢትም የተመደብሁት እዚያ ነው። ደብዳቤውን በላክሁበት ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር፤ ሐሳቤን ስቀይር ግን ማስተካከያ መጻፍ ሲገባኝ፣ ትንሹ ሆስፒታል ሳይወስደኝ ቢቀር ሁለቱንም አጣለሁ ብዬ ፈርቼ ዝም አልሁ። ጉብኝቱን ደጅ ጥናት አይደለም ብዬ ከተረዳሁ በኋላ፣ ደጅ ስጠና የቆየሁት በዚያ ዝምታ ነበር። የትልቁ ሆስፒታል ፕሮግራም ኃላፊ ለደብዳቤዬ በትሕትና አመስግነው የጻፉልኝ ባለ ሁለት መስመር መልስ እስካሁን ኢሜይሌ ውስጥ አለ።