ከሐይቅ የመጣው ደብተር

ሦስት ወር ሙሉ ኮድ ጽፈን፣ በጻፍነው ሲስተም አንድ መጽሐፍ እንኳ ማዋስ አልተቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ይዘን አራት ሆነን እንሠራለን። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አንድ የቆመ ፕሮጀክት ልናነሳ ተስማማን። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተሠራ የመጽሐፍ ማዋሻ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በጂፒኤል ፈቃድ ተለቋል። ግን አራት ዓመት ሙሉ የነካው ሰው የለም። የጀመረው ልጅ ለትምህርት ውጭ ሄዷል። ስንጽፍለት በዚያው ማታ መለሰልን። «የሚረከበኝ አጥቼ ነው እንጂ ልቤ እዚያው ነው» አለና ቁልፉን አስረከበን።

እኔ ፕሮጀክቱን የገደለው የቴክኖሎጂው እርጅና ይመስለኝ ነበር። ማስረጃም አላጣሁም። ከኋላ ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ጃንጎ የሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ነው፤ እሱም የሚሄደው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በስሪት 2.7 ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። ከፊት ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ የሚሠራው አንጉላር ጄኤስ ነው፤ እሱንም ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ትቶታል። ስለዚህ ከዜሮ ተነስተን፣ አዲስ የገጽ መሥሪያ በሆነው በሪአክት እንጻፈው አልን። ሪአክትን የምንወደው ነገር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስንጽፍ ድካሙ አይታወቀንም ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ስልክ ተደወለ። ሐይቅ ከተማ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። አሮጌውን ሲስተም ዛሬም ይጠቀሙበታል። «አዲሶቹ እናንተ ናችሁ? እስቲ ብቅ በሉና እዩልኝ» አሉ።

በማግስቱ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሚኒባስ ያዝን። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እትዬ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። እኛም የጻፍነውን ልናሳያቸው ቸኩለን ኮምፒውተራቸው ላይ ከፈትነው። ነጭ ገጽ። ጠበቅን። አሁንም ነጭ ገጽ። ሲስተማችን ደሴ ባለ ሰርቨር ላይ ነው፤ ገጹን የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ፋይል ተጎትቶ ወርዶ ካልተነሳ ገጹ ላይ አንድም ፊደል አይታይም። ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ ማሽኑም አርጅቷል። ያ ገጽ ነጭ እንደሆነ እትዬ ለሦስት ተማሪ በብዕር እየመዘገቡ አዋሱ። «አብሽሩ፣ ይመጣል» ይሉናል መሃል መሃል ላይ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሮጌው ግን እዚያው ማሽን ላይ ስለተጫነ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይሠራል። ችግሩ ሌላ ነበር። እትዬ መሳቢያ ከፍተው ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አወጡ። ገጹ በማስመሪያ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። በግራ «ተማሪው ሲጠይቅ»፣ በቀኝ «ማሽኑ ላይ ሲጻፍ» ይላል። ከሥሩ በጥንቃቄ የተጻፈ ረጅም ዝርዝር። ሀይቅ፦ ሐይቅ። አጼ፦ ዐፄ። ሰአሊ፦ ሠዓሊ። ኢየሱስ ሞአ፦ ኢየሱስ ሞዐ።

የመጨረሻው ላይ ዓይኔ ቀረ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ያስተማሩ አባት ናቸው። የሐይቅ ልጅ ስለ እሳቸው ሊያነብ መጥቶ ስማቸውን በ«አ» ስለጻፈ ብቻ «አልተገኘም» ይባላል። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ግን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዷ ሆሄ የተሰጣትን ቁጥር ነው የሚያየው። ለእሱ ሀ እና ሐ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው።

ያመመኝ ደግሞ ይሄ ነው። እትዬ ችግሩን ከአራት ዓመት በፊት በልጃቸው እጅ አጽፈው ለፕሮጀክቱ ልከው ነበር። ማታ ደሴ ገብቼ ስፈልገው አገኘሁት። መልስ የሰጣቸው የለም። እኛም ፕሮጀክቱን ስንረከብ ከሰዎች የመጣውን ጥያቄ አላነበብንም፤ የተጻፈበትን ቋንቋ ስሪት ነው ያየነው።

በሳምንቱ የሪአክቱን ሥራ አቆምን። ሪአክት መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ላይ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ግን እኛ በሌለንበት ሲበላሽ የሚጠግነው የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ መምህር ነው። እሱ ፓይተን ያውቃል። ስለዚህ ጃንጎ ይቆይ አልን። ጃንጎ 1.11 በሁለቱም ፓይተን ስለሚሠራ እንደ ድልድይ ሆነልን። እዚያ ላይ ቆመን ወደ ፓይተን 3 ተሻገርን፣ ከዚያ በጃንጎ 2.2 እና 3.2 እያለፍን 4.2 ደረስን። አንጉላርን አወጣን። ገጹ ከሰርቨሩ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ለመፈለጊያዋ ሳጥን ብቻ ኤችቲኤምኤክስ የምትባለውን ትንሽ ፋይል ጨመርን። ሁሉም እዚያው ትምህርት ቤቱ ማሽን ላይ ይጫናል።

ፍለጋው ላይ መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። የመጻሕፍቱን ርእስ ራሱን ወደ አንድ ፊደል ቀየርነው። እትዬ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «የሰው ጽሑፍ አትንኩ! በግዕዝ ሰረቀ ሌባው ነው፣ ሠረቀ ደግሞ ፀሐይ ወጣች ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ርእሱን ወደነበረበት መለስንና ለፍለጋ ብቻ የማይታይ ሌላ አምድ ሠራን። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ እና ዓ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው እዚያ ይቀመጣሉ። ተማሪው የሚጽፈውም ከመፈለጉ በፊት በዚያው መንገድ ያልፋል። መሞከሪያ ያደረግነው የእትዬን ደብተር ነው፤ መስመር በመስመር፣ አንዱም ሳይቀር።

ሐይቅ ሄደን ስንጭነው እትዬ ራሳቸው ቁጭ ብለው «ሞአ» ብለው ጻፉ። መጣ። ዝም ብለው ትንሽ አዩት። ከዚያ የቡናውን ስኒ ወደኔ ገፋ አደረጉና «ሁለተኛው ይቅረብ» አሉ።

ባለፈው ወር ከማናውቀው ሰው ማስተካከያ ተላከልን። አንድ የወልዲያ የአይሲቲ መምህር ነው። ኮዳችን ጳጉሜን ሁሌም 5 ቀን አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። በዘመነ ሉቃስ 6 እንድትሆን ሦስት መስመር ጽፎ ላከ። በዚያው ቀን መለስንለት።