ሶኬቱ ሲዘጋ ምክንያት አለው፦ የብሎክ ሂተሬ ጣጣ

ብርድ አገር ናፍጣ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ብሎክ ሂተርን ያውቀዋል። ኩላንቱን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የሚያሞቅ ኤሌመንት ነው፤ ማታ ከሰካችሁት ሞተሩ ጠዋት ሳያንገራግር ይነሳል። የእኔን ጭነት መኪና ግን ገና ስሰካው ጂኤፍሲአይ የሚባለው፣ ከረንት ሲሾልክ ራሱን የሚዘጋው ሶኬት ቀጭ ብሎ ይዘጋል።

ሌላ ዕቃ ሰካሁበት፣ ሶኬቱ ደህና ነው። ኤክስቴንሽን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። መካኒክ ጋ ወሰድኩት።

እስካሁን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። ሰውየው ጂኤፍሲአይ የሌለው ሶኬት ላይ ሰካውና «ይኸው ይሠራል፤ ችግሩ ያንተ ሶኬት ነው» አለኝ። ሰው የሚገድል ምክር ነው! ያ ሶኬት የሚዘጋው በአንዱ ሽቦ የሄደው ከረንት በሌላው ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ሲቀር ነው። 5 ሚሊአምፒር ያህል ልዩነት ይበቃዋል። የጎደለው በመሬት ሽቦው እየወጣ ነው ማለት ነው። የመሬት ሽቦው ቢበጠስስ? የመኪናው ብረት ከረንት ይይዛል፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሜ በሩን የምከፍተው ደግሞ እኔ ነኝ። ስከራከረው «እንግዲያው ኤሌመንቱ ይቀየር» አለ። ምንም ሳይለካ! ለዚያ ኩላንቱ ሁሉ መፍሰስ አለበት።

መኪናዬን ይዤ ወጣሁና መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ አነሳሁ። ስፒናው ከግድግዳ ተነቅሎ፣ በሁለቱ ጠፍጣፋ ፒኖች መካከል 14 ኦም ገደማ አነበበ (ኦም ከረንት ምን ያህል እንደሚገደብ የሚለካበት ነው)። ሂተሬ 1000 ዋት፣ መብራቱ 120 ቮልት ነው። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለዋቱ ስታካፍሉት ደህና ኤሌመንት የሚያነበው 14.4 ኦም ይመጣል። ስለዚህ ኤሌመንቱ አልተቃጠለም። ከአንዱ ፒን ወደ መሬት ፒኑ ስለካ ግን 10 ኪሎኦም አካባቢ አሳየኝ። እዚያ መሃል ምንም ንባብ ሊኖር አይገባም።

ኬብሉን ከኤሌመንቱ ነቀልኩት። ኤሌመንቱን ከሞተሩ ብረት ጋር ለካሁ፣ ምንም ንባብ የለም፣ ንጹሕ ነው። ኬብሉን ብቻውን ለካሁ፣ ያው 10። ጫፉን በባትሪ ሳበራበት ቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል፣ ላስቲኩ ሥር የመንገድ ጨው ያለበት ውሃ ተኝቷል። አንደኛው ቀዳዳ ዳር ዳሩ ጠቁሯል። ኬብሉን ቀየርኩት፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሶኬቱ ዘግቶ አያውቅም።

የመኪናው መመሪያ «ወደ ጋራዥ ውሰዱት» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ለኩ እላለሁ፤ ስፒናው እስከተነቀለ ድረስ አደጋ የለውም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአንዳንድ መኪና ኬብል ቴርሞስታት አለው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ከረንት አያሳልፍም። ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ለክታችሁ «ተቃጥሏል» ብላችሁ ደህናውን እንዳትጥሉ። ቀጭን ኤክስቴንሽንም ይቅርባችሁ፤ 1000 ዋት ከ8 አምፒር በላይ ይስባል። ከሰካችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገመዱንና ስፒናውን ዳስሱት፤ ከጋለ ንቀሉት። ኩላንት ካፈሰሳችሁ ደግሞ ተሞልቶ አየሩ እስኪወጣ እንዳትሰኩት፤ ደረቅ ኤሌመንት ወዲያው ነው የሚቃጠለው።